ጃፓኖች ፈረንጁን ሲስሉ፦ የዮኮሃማ የእንጨት ኅትመቶች ሲብራሩ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ በብዛት ከተዘዋወሩት የቆዩ የጃፓን ሥዕሎች መካከል፣ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ከግዙፍ እባብ ጋር ሲተናነቅና ቤንጃሚን ፍራንክሊን መድፍን እንደ ጠመንጃ ታቅፎ ሲተኩስ የሚያሳዩት ይገኙበታል። ሥዕሎቹ የዘመናችን ፈጠራ አይደሉም። በ1861 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የአሜሪካን ታሪክ ለተራው አንባቢ ለመተረክ ከታተመ መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው። ጽሑፉን ካናጋኪ ሮቡን፣ ሥዕሎቹን ኡታጋዋ ዮሺቶራ ሠርተዋቸዋል።

ከነዚህ ጋር አብረው የሚዘዋወሩ ሌሎች ሥዕሎችም አሉ፦ ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በፈረስ ተቀምጠው፣ ባለ ረጅም ባርኔጣ ወንዶች በብርጭቆ ሲጠጡ፣ ባለ ብዙ ሸራ መርከቦች ዕቃ ሲያራግፉ የሚያሳዩ። ከሥራቸው ብዙ ጊዜ «ጃፓኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ሰው ሲያዩ የሳሉት» የሚል መግለጫ ይጻፋል። መግለጫው ግን አንባቢውን ያሳስታል፤ ጃፓኖች ነጭ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው አልነበረም፣ ከሠዓልያኑም ብዙዎቹ የሳሉትን ነገር በዓይናቸው አላዩትም። እነዚህን ሥዕሎች በትክክል ለማንበብ እንዴትና ለማን እንደተሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዮኮሃማ-ኤ ማለት ምን ማለት ነው?

«ኤ» በጃፓንኛ ሥዕል ማለት ስለሆነ ዮኮሃማ-ኤ «የዮኮሃማ ሥዕል» ማለት ነው። ስያሜው የሚያመለክተው በ1859 ለውጭ ንግድ በተከፈተችው የዮኮሃማ ወደብ የሰፈሩትን አሜሪካውያን፣ እንግሊዛውያን፣ ፈረንሳውያን፣ ሩስያውያንና ኔዘርላንዳውያን፣ እንዲሁም መርከቦቻቸውን፣ ቤቶቻቸውንና የዕለት ኑሯቸውን የሚያሳዩ፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ባለ ቀለም ሥዕሎችን ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በተለይም ከ1860 እስከ 1862፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ታትመዋል።

ሥዕሎቹ ኡኪዮ-ኤ የተባለው ሰፊ የኅትመት ጥበብ አንድ ቅርንጫፍ ናቸው። ኡኪዮ-ኤ «የተንሳፋፊው ዓለም ሥዕል» እንደ ማለት ሲሆን፣ የካቡኪ ቲያትር ተዋንያንን፣ ውብ ሴቶችን፣ የሱሞ ትግል ተፋላሚዎችንና የመንገድ እይታዎችን ለከተማው ሕዝብ በርካሽ ያቀርብ ነበር፤ የአንዱ ሥዕል ዋጋ ከአንድ ሳህን የባክሄት ኑድል ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር። ስለዚህ ዮኮሃማ-ኤ የቤተ መንግሥት ጌጥ አልነበረም። ሰው በገበያ ሲያልፍ ገዝቶ ለቤተሰቡ የሚያሳየው፣ ጋዜጣ ባልነበረበት ከተማ የጋዜጣን ሥራ በከፊል የሚሠራ ወረቀት ነበር።

አንድ ነገር ግን ከስያሜው መረዳት አይቻልም። የዮኮሃማ ሥዕል ይባል እንጂ ከሞላ ጎደል ሁሉም የታተመው፣ የተሸጠውም ኤዶ ውስጥ ነው። ሠዓልያኑ፣ ቀራጮቹና አሳታሚዎቹ የኤዶ ሰዎች ነበሩ፤ ዮኮሃማ ከኤዶ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ ርቀት ለብዙው የሥዕሎቹ ጠባይ ምክንያት መሆኑን ወደ ታች እናያለን።

ሥዕሉ የሚታተመው እንዴት ነው?

አሠራሩን ለመረዳት ማኅተምን ማሰብ ይበቃል። በማኅተም ላይ የሚፈለገው ቅርጽ ይቀራል፣ የማይፈለገው ተፍቆ ይወጣል፤ ከዚያም ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። የጃፓኑ ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ለአንድ ሥዕል በርካታ «ማኅተሞች» መቀረጻቸው ነው።

መጀመሪያ ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ይስላል። ወረቀቱ በተስተካከለ የቼሪ እንጨት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይለጠፋል፤ ቀራጩም መስመሮቹን ብቻ ትቶ የቀረውን እንጨት ይፈለፍላል። በዚህ ሂደት የሠዓሊው የእጅ ሥራ ራሱ ይጠፋል። ከዚህ ዋና እንጨት በሚታተሙ ናሙናዎች እየተመሩ ለቀዩ አንድ፣ ለሰማያዊው አንድ፣ ለቢጫው አንድ እያሉ ለየቀለሙ ሌላ እንጨት ይቀርጻሉ። አታሚው ከእንጆሪ ዛፍ ልጥ የተሠራውን ጠንካራ ወረቀት በእያንዳንዱ እንጨት ላይ በየተራ እያነጠፈ፣ ባረን በሚባል በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነ ክብ መዳመጫ ጀርባውን ያሻል። ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይዛነፉ በየእንጨቱ ጠርዝ የወረቀቱን ማዕዘን የሚይዙ ምልክቶች ይቀረጻሉ።

ሥራውን የሚያዝዘው፣ ገንዘቡን የሚያወጣውና ትርፉን የሚወስደው ሠዓሊው ሳይሆን አሳታሚው ነበር። አሳታሚው ደግሞ የሚያየው ሕዝቡ በዚህ ወር ምን ማየት እንደሚፈልግ ነው። በ1860 የኤዶ ሕዝብ ማየት የፈለገው ፈረንጁን ነበር።

ከዚያ በፊት ጃፓኖች ፈረንጅ አያውቁም ነበር?

ያውቁ ነበር። ፖርቱጋሎች ጃፓን የደረሱት በ1543 ነው። መርከቦቻቸውና ባለ ሰፊ ሱሪ ነጋዴዎቻቸው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ17ኛው መጀመሪያ በትላልቅ ተጣጣፊ መከለያዎች ላይ ተሥለዋል፤ እነዚያ ግን ለባለጸጎች በእጅ የተሳሉ እንጂ ኅትመቶች አይደሉም። በ1639 ፖርቱጋሎች ከተባረሩ በኋላ ከአውሮፓውያን ለንግድ የተፈቀደላቸው ኔዘርላንዳውያን ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከ1641 ጀምሮ ናጋሳኪ ወደብ ውስጥ ባለችው ዴጂማ በተባለች ትንሽ ሰው ሠራሽ ደሴት ተወስነው ይኖሩ ነበር። የናጋሳኪ አታሚዎች እነሱን፣ ቻይናውያን ነጋዴዎችንና መርከቦችን እየሳሉ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ እነዚህ ናጋሳኪ-ኤ ይባላሉ፤ ከዮኮሃማዎቹ በዕድሜም ይቀድማሉ።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከዮኮሃማ-ኤ ጋር ይምታታል። በሐምሌ 1853 የአሜሪካው ኮሞዶር ማቲው ፔሪ በአራት የጦር መርከቦች ከኤዶ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ሲደርስ ካዋራባን የተባሉ ያለ ፈቃድ የሚታተሙ በራሪ ወረቀቶች ከተማውን አጥለቀለቁት። በእነሱ ላይ ፔሪ ፀጉሩ የተንጨበረረ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አንዳንዴም ቴንጉ የሚባለውን ባለ ረጅም አፍንጫ የተራራ መንፈስ የሚመስል ሆኖ ይታያል። ፍርሃቱ ከሥዕሉ ይነበባል፤ ባዕዳኑ መድፍ ደግነው በር ያንኳኩበት ጊዜ ነውና። እንግዲህ አስፈሪው ፔሪና በዮኮሃማ ጎዳና ከሚስቱ ጋር የሚንሸራሸረው ነጋዴ በስድስትና በሰባት ዓመት ልዩነት፣ በተለያየ ስሜትና በተለያየ አሳታሚ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ «የጃፓኖች አመለካከት» ማለት ብዙ ያሳስታል።

ለምን ዮኮሃማ፣ ለምንስ በዚያ ወቅት?

ፔሪ በ1854 ተመልሶ መጥቶ የመጀመሪያውን ስምምነት አስፈረመ። በ1858 ደግሞ የሾገኑ (ጃፓንን በተግባር ያስተዳድር የነበረው የጦር አለቃ) መንግሥት ከአሜሪካ፣ ከኔዘርላንድስ፣ ከሩስያ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውሎችን ተፈራረመ። በብዙዎቹ ሥዕሎች ርዕስ ላይ «አምስቱ አገሮች» የሚለው የሚደጋገመው ከዚህ የተነሣ ነው።

በውሉ እንዲከፈት የተጻፈው ወደብ ካናጋዋ ነበር። ካናጋዋ ግን መሳፍንት ከነአጀባቸው የሚያልፉበት ኤዶንና ኪዮቶን የሚያገናኘው የቶካይዶ ጎዳና የሚያቋርጣት ከተማ ነበረች፤ መንግሥቱም ባዕዳንና ሰይፍ የታጠቁ ሳሙራዮች በአንድ መንገድ እንዳይገናኙ ሠጋ። ስለዚህ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በምትገኘው ዮኮሃማ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር መትከያ፣ የጉምሩክ ቤትና ጎዳናዎች በፍጥነት አሠርቶ በሐምሌ 1859 ከፈታት። ቆንስሎቹ ውሉ ተጣሰ ብለው ተቃወሙ፤ ነጋዴዎቹ ግን መልሕቅ የሚጣልበት ጥልቅ ውኃ ስላገኙ እዚያው ቀሩ። ሰፈሩ በውኃ ቦይና በጥበቃ ኬላ የተከበበ ሲሆን፣ መሐሉ እስከ ዛሬ ካናይ፣ ማለትም «ከኬላው ውስጥ»፣ ይባላል። ነጋዴዎቹ ከወደቡ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ተወሰነ፤ ኤዶ መግባት የሚፈቀደው ለዲፕሎማቶች ነበር።

ውጤቱን ማሰብ አይከብድም። በዓለም ካሉት ታላላቅ ከተሞች አንዷ አጠገብ፣ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ላይ፣ ሕዝቡ ስሙን እየሰማ በከተማው ጎዳና የማያየው እንግዳ ሰፈረ። ለሥዕል አሳታሚ ከዚህ የተሻለ ገበያ አይገኝም።

ሠዓልያኑ ያዩትን ነው የሳሉት?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከአንዱ ሠዓሊ ወደ ሌላው፣ እንዲያውም በአንዱ ሥዕል ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይለያያል።

በዓይኑ አይቶ ስለ መሳሉ ብዙ የሚመሰገነው ኡታጋዋ ሳዳሂዴ ነው። ሳዳሂዴ በካርታና ከወፍ ዓይን የታዩ በሚመስሉ ሰፋፊ እይታዎች የታወቀ ነበር። በ1861 የታተመው፣ ምዕራባውያን ነጋዴዎች በዮኮሃማ ዕቃ ሲያጓጉዙ የሚያሳየው ሥራው አምስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተጋጥመው ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ የአምስቱ አገሮች መርከቦች ከነባንዲራቸው ተደርድረው፣ መርከበኞች በገመዱ መሰላል ላይ ተንጠልጥለው፣ ጭነት ሲወጣና ሲወርድ ይታይበታል። ከ1862 ጀምሮ ደግሞ በአዲሱ ወደብ ያየውንና የሰማውን የሚተርክ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አሳትሟል። «ያየውንና የሰማውን» የሚለው አባባል የራሱ የመጽሐፉ ርዕስ ነው፤ ማየትና መስማት ለየቅል መሆናቸውን ሠዓሊው ራሱ በርዕሱ ላይ ማስፈሩ የሚያስመሰግነው ይመስለኛል።

የኤዶን ሰው ያስገረሙት ነገሮች ከሥዕሎቹ በግልጽ ይነበባሉ። ሴት ወይዘሮ ሁለቱንም እግሯን በአንድ ወገን አድርጋ በፈረስ ላይ መቀመጧ፣ ባልና ሚስት በጎዳና ክንድ ለክንድ ተያይዘው መሄዳቸው፣ የቀሚሱ ስፋት፣ ጫማ ሳይወልቅ ቤት መገባቱ፣ ወንበር፣ የመስታወት ብርጭቆ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የሥጋ ቤት፣ የስፌት መኪና፣ የፎቶ ካሜራ፣ ከጌታው ኋላ የሚከተል ውሻ እየተደጋገሙ ይሳላሉ። እሑድ ሥራ አቁሞ የሰልፍ ሙዚቃ እያሰሙ መውጣትም እንግዳ ነገር ስለ ነበር የሳዳሂዴ አንድ ሥዕል ሙሉ በሙሉ የዮኮሃማን እሑድ ያሳያል። በርዕሱ ላይ የሰፈረው ቃል «ዶንታኩ» ነው፤ እሑድ ከሚለው የኔዘርላንዶች ቃል ከ«ዞንዳኽ» የተወሰደ። ቃሉ ዛሬም በፉኩኦካ ከተማ በየዓመቱ በሚከበረው የሃካታ ዶንታኩ በዓል ስም ውስጥ ይኖራል።

ወደ ውጭ አገር ከተሞች ስንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሥዕል የሚገዛው የኤዶ ሰው ዮኮሃማን በሥዕል ካየ በኋላ «የመጡበት አገርስ ምን ይመስላል?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም፤ ለንደን፣ ፓሪስና ዋሽንግተን ሄዶ ያየ ሠዓሊ ግን አልነበረም። መፍትሔው ከመርከበኞችና ከነጋዴዎች እጅ የሚገኙ የምዕራባውያን ባለ ሥዕል ጋዜጦች ሆኑ፤ በተለይም ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ። ሠዓሊው ጋዜጣውን ያገላብጣል፤ ትልቅ ሕንጻ ያለበት ገጽ ሲያገኝ መልሶ ይስለዋል። ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ ግን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ዮሺቶራ «ዋሽንግተን» ብሎ ባቀረበው ሥዕል ላይ የሚታየው የአሜሪካ ዋና ከተማ ሳይሆን ከጋዜጣ የተቀዳው የህንዷ አግራ ነው። ይህ እንደ ማጭበርበር ሊታይ አይገባም፤ በእጁ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ቋንቋውን የማያውቀው ወረቀት ለሆነ ሰው፣ «የባሕር ማዶ ታላቅ ከተማ» የሚለው መልእክት ከቦታው ስም ይበልጥ የተጨበጠ ነበር።

በዓይን የታየውም ቢሆን የሚሳለው በለመደ እጅ ነው። የዮኮሃማ-ኤ ሠዓልያን፣ ዮሺካዙ፣ ዮሺቶራ፣ ዮሺኢኩ፣ ሁለተኛው ሂሮሺጌና ሌሎችም፣ አብዛኞቹ ከኡታጋዋ የሥዕል ቤት የወጡ ሲሆኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን የተለማመዱት የካቡኪ ተዋንያንን ገጽታና የኤዶን ቆነጃጅት መሳል ነበር። እናም አሜሪካዊቷ እመቤት ቀሚሷ የኒው ዮርክ ሆኖ አቋቋሟ፣ የአንገቷ ዘንበል ማለትና የፊቷ ሞላላነት የኤዶ ሆኖ ይታያል። ወንዱ ላይ ጢም፣ ከፍ ያለ አፍንጫና ቀላ ያለ ፀጉር ይጨመርበታል። «እንግሊዛዊ»፣ «ፈረንሳዊ»፣ «ሩስያዊ» የሚለው ጽሑፍ ቢነሣ ማንነቱን ከመልኩ ለመለየት በብዙዎቹ ላይ ይቸግራል። በአንጻሩ አንዳንዶቹ ከምዕራባውያን የብረት ቅርጽ ኅትመቶች ጥላ አጣጣልን ወስደው በልብስ እጥፋቶች ላይ ሞክረዋል፤ ጥላ ብዙም በማይታወቅበት የጃፓን ኅትመት ውስጥ ይህ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ ነው።

በመግቢያው የተጠቀሰው የአዳምስና የእባቡ ሥዕልም የሚገባን በዚህ መንገድ ነው። ሮቡንና ዮሺቶራ ከሁለተኛና ከሦስተኛ እጅ የደረሳቸውን የአሜሪካ ነጻነት ታሪክ የኤዶ አንባቢ በሚያውቀው የጀግና ተረት ቅርጽ አዋቀሩት፤ በዚያ ቅርጽ ጀግና ያለ ጭራቅ አይታሰብም።

ሥዕሎቹ ማላገጫ ነበሩ?

በአብዛኛው አልነበሩም። ብዙዎቹ አጫጭር ጽሑፎችን የያዙ ሲሆኑ፣ ከነዚህም አንዳንዶቹን የጻፈው ያው ሮቡን ነው፤ ይዘታቸው ስለ አገሩ ሀብት፣ ስለ መርከቡ ፍጥነት፣ ስለ ሕዝቡ ብልሃት የሚያወሳ ነው። የውጭ ቃላትን ከነትርጉማቸው በጃፓን ፊደል ዘርዝረው የሚያስተምሩም አሉ።

ያም ሆኖ ጽሞናቸው ሙሉ እውነትን አይናገርም። ማንኛውም ሕጋዊ ሥዕል ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ታይቶ ማኅተም ይደረግበት ነበር፤ ወቅታዊ የፖለቲካ ጉዳይን መሳልም የተከለከለ ነበር። በነሐሴ 1859፣ ወደቡ በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ ሩስያውያን መርከበኞች በዮኮሃማ ጎዳና ተገድለዋል፤ በጥር 1861 የአሜሪካው መልእክተኛ አስተርጓሚ ሄንሪ ሂውስከን ኤዶ ውስጥ በሰይፍ ተገድሏል። በወደቡ የሚወጣው ሐርና ወርቅ የኤዶን የገበያ ዋጋ አናግቶ ኑሮ ተወድዷል። በተፈቀዱት ሥዕሎች ላይ ግን ከዚህ አንዱም አይታይም፤ ሁሌም ፀሐያማ ቀን፣ ሁሌም ሞልቶ የተረፈ ዕቃ ነው።

ከጎን የሚቆሙትን ሰዎችም ማየት ተገቢ ነው። ከነጋዴዎቹ ጋር የመጡ ቻይናውያን በጽሑፍ ከጃፓኖች ጋር መግባባት ስለሚችሉ የንግዱ አገናኞች ነበሩ፤ በሥዕሎቹም በብዛት ይታያሉ። ጥቁር ሰዎችም አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጃንጥላ ሲይዙ፣ ምግብ ሲያቀርቡ፣ ፈረስ ሲስቡ ይሳላሉ። በእነሱ ላይ የተሠራው መልክ ብዙ ጊዜ የተጋነነና ለየሰውዬው ማንነት ግድ የሌለው ነው። ይህም የሥዕሎቹ አክብሮት ለሁሉም እኩል እንዳልተዳረሰ ያሳያል፤ ሥዕሎቹን «የመልካም አቀባበል ምስክር» ብቻ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይህን ሲዘልሉት ማየት ያሳዝናል።

ለምን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አበቃ?

በመስከረም 1862 ከዮኮሃማ ብዙም በማትርቀው ናማሙጊ መንደር፣ በቶካይዶ ጎዳና ላይ፣ እንግሊዛዊው ነጋዴ ቻርልስ ሪቻርድሰን ሳትሱማ ከተባለው የደቡብ ግዛት ልዑል አጀብ መንገድ አልለቀቀም ተብሎ ተገደለ። መንግሥቱ የፈራው የመንገድ ላይ ግጥሚያ ደረሰ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት «ባዕዳን ይውጡ» የሚለው እንቅስቃሴ አየለ፤ እንግሊዞችም የሳትሱማን ዋና ከተማ ካጎሺማን በመድፍ ደበደቡ። አሳታሚው ደግሞ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ፤ ሾገኑ በ1863 ከነሠራዊቱ ወደ ኪዮቶ ያደረገው ጉዞ አዲሱ ተፈላጊ ርዕሰ ጉዳይ ሆነ።

ፈረንጁን መሳል ጨርሶ አልቆመም። ከ1868ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሦስተኛው ሂሮሺጌና ሌሎችም በ1872 ቶኪዮን ከዮኮሃማ ያገናኘውን የባቡር መስመር፣ የጡብ ሕንጻዎችንና ኮት የለበሱ ሰዎችን ሥለዋል። ኮት የለበሱት ግን በአብዛኛው ጃፓኖች ራሳቸው ነበሩ።

ዛሬ አንዱን ሥዕል ስናገኝ ምኑን እንይ?

ሥዕሎቹ ዛሬ በካናጋዋ የባህል ታሪክ ሙዚየም፣ በቀድሞው የእንግሊዝ ቆንስላ ሕንጻ በሚገኘው የዮኮሃማ የታሪክ ቤተ መዛግብት፣ እንዲሁም በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ይገኛሉ። በድረ ገጽ የተለቀቁ ምስሎች ጥራት ስላላቸው ማንም በስልኩ አጉልቶ ማየት ይችላል።

መጀመሪያ የሚታየው የሠዓሊው ፊርማ ነው፤ ከአጠገቡ የአሳታሚው ምልክት ይገኛል። ከሁለቱ ሌላ አንዲት ትንሽ ክብ ማኅተም አለች፤ በእሷ ውስጥ የሳንሱሩ ፈቃድ፣ የዓመቱ እንስሳና የወሩ ቁጥር አንድ ላይ ተቀርጸዋል። የዝንጀሮ ዓመት 1860፣ የዶሮ ዓመት 1861፣ የውሻ ዓመት 1862 ነው። በዚህች ማኅተም የተነሣ አንድ ሥዕል ከሂውስከን ግድያ በፊት ይሁን በኋላ፣ ከናማሙጊ በፊት ይሁን በኋላ እስከ ወሩ ድረስ መለየት ይቻላል። ቀጥሎ ስፍራው ይታያል። ዮኮሃማ ከሆነ ሠዓሊው አይቶት ወይም ካየ ሰው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ የባሕር ማዶ ከተማ ከሆነ ከኋላው አንድ የጋዜጣ ገጽ አለ ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዮኮሃማው ሥዕል ላይ ደግሞ ሕንጻዎቹን ቀስ ብሎ ማየት ያሻል። ሠዓልያኑ ደጋግመው ከሳሏቸው ስፍራዎች አንዱ በመንግሥት ፈቃድ ለሴተኛ አዳሪዎች የተሠራው የሚዮዛኪ ሰፈር፣ በእሱም ውስጥ ጋንኪሮ የተባለው ባለ ሰፋፊ አዳራሽ ቤት ነው፤ የወለሉ ንድፍ፣ በመከለያዎቹ ላይ ያሉት የማራገቢያ ቅርጾች፣ በደረጃው የሚወጡት እንግዶች ሳይቀሩ ተሥለዋል። ሰፈሩ በኅዳር 1866 በተነሣው ታላቅ እሳት ከነጋንኪሮ ተቃጥሏል፤ ከከተማይቱ የተረፈውንና በኋላ የተሠራውን ደግሞ የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራርሶታል።